ስለ ብርማው ዱቄት የመጡት ሽማግሌ

ሥራዬን ለሀገሬ ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያቅተኝ ነበር። «ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲሉኝ «ላቦራቶሪ ነኝ» እላለሁ። ደም የምመረምር ይመስላቸውና ስለ ስኳራቸው ይጠይቁኛል። «የለም፣ የደም አይደለም። ፋብሪካዎች ዱቄት ይልኩልናል። እሳት ሲነካው ይነድ እንደሆነ፣ ከነደደም በምን ያህል ፍጥነት እንደሚነድ አይተን አደገኛ ነው ወይም አይደለም ብለን እንመድባለን» እላቸዋለሁ። ከዚያ አንድ ቀልደኛ አይጠፋም። «ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተንገላታሽው? ማቃጠልማ ለማን ይጠፋዋል» ይለኛል።

እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ፤ ድሮም ነበርኩ። «እንግዲያው እጅህን አምጣና እሱን ልመድብልህ» ብዬ የመለስኩለት አንድ ሰው አለ፤ ከዚያ በኋላ ባገኘኝ ቁጥር ሰላም የሚለኝ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር። ሥራዬን ሲንቁብኝ አልወድም። ሰው በሰላም የሚተኛው፣ መኪናው ዕቃውን ጭኖ በሰው መንደር የሚያልፈው፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ስላቃጠለው ነው ብዬ አምን ነበር። አሁንም አምናለሁ። ግን አንድ ዱቄት አለ፤ እሱን ሳስብ ግን ይህን አፌን ሞልቼ አልናገርም። በዚያ ዱቄት ላይ አልተሳሳትኩም። ማንም ተሳሳትሽ ብሎኝ አያውቅም። ቢሉኝ ኖሮ ሳይሻለኝ አይቀርም ነበር።

ወደ ሮማ የመጣሁት በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት፣ ኬሚስትሪ ልማር በስኮላርሺፕ ነው። ትምህርቴን ሳላጋምስ ደርግ መጣ። ስኮላርሺፑ ተቋረጠ፤ «ተመለሱ» ተባልን። የተመለሱት ምን እንደገጠማቸው መስማት ስንጀምር እኔ ቀረሁ። ማደሪያ አልነበረኝም። ያስጠጋችኝ አንዲት የአዲስ አበባ ሴት ናት፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። ስሟን አልጽፍም፤ ድሮም በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እትዬ ነበር የምላት። ከኤስኲሊኖ ገበያ ጀርባ፣ አሳንሰር በሌለው ፎቅ አናት ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር። አንዱን ለኔ ለቀቀችልኝ። እዚያ ሆኜ ተማርኩ፣ እዚያ ሆኜ ተመረቅኩ፣ በከተማዋ ምሥራቅ፣ በቲቡርቲና በኩል ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ሥራ ያገኘሁ ቀንም ቀድማኝ ያለቀሰችው እሷ ናት። የእናቴ ልጅ ብትሆን ከዚያ የበለጠ አታደርግልኝም።

እትዬ አንድ ልጅ አላት፤ ወንድ። ገና ድክ ድክ ሲል ለእናቷ ትታው ነው የመጣችው። መጀመሪያ ለብዙ ዓመት ፊሳ ሠራች። ፊሳ ማለት እዚያው ሰው ቤት እያደሩ ማገልገል ነው፤ ከሐሙስ ከሰዓትና ከእሑድ በቀር የራሴ የሚሉት ቀን የለም። የሲኞራዋን፣ የአሠሪዋን፣ ልጆች አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ አሳደገች። «የሰው ልጅ በእጄ፣ የራሴን በፎቶግራፍ አሳደግኩ» ትል ነበር። ስትለው ትስቃለች፤ እኛ ግን አብረናት አንስቅም።

ከፊሳ ያወጣት አንድ ቦቴጋ፣ አንድ ትንሽ የሥራ ቤት ነው። የድሮ ሮማዊ ሽማግሌ፣ አራት ፎቅ ሰው በሚኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ ፖርፖሪና የሚባል ነገር ያሽግ ነበር። ፖርፖሪና ብርማ ዱቄት ነው፤ አሉሚኒየም እስኪልም ተቀጥቅጦ ትንሽ ቅባት የነካው። የሥዕል ክፈፍ የሚያድሱ፣ የቅዱሳን ሐውልት የሚቀቡ፣ ለገና ጌጥ የሚሠሩ ይገዙታል። እዚያ የሚሠሩት እትዬን ጨምሮ አራት ሴቶች ናቸው፤ አራቱም የኛው። በትልቅ በርሜል የመጣውን እየመዘኑ በትንንሽ ቆርቆሮ ያሽጋሉ። ዱቄቱ ከሽፋሽፍታቸው፣ ከጥፍራቸው ሥር፣ ከጆሮአቸው ጀርባ አይለቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሻማው ፊት ያብለጨልጫሉ። «እናንተ ከቆማችሁ ሥዕሉን ማን ያየዋል» እያልን እናበሽቃቸው ነበር።

ፓድሮኔው፣ የቦቴጋው ባለቤት፣ ክፉ ሰው አልነበረም። ለእትዬ አንድ ተስፋ ሰጥቷታል፦ በሕጋዊ ኮንትራቶ፣ በሥራ ውል፣ አስገብቷት፣ ለልጇም እዚያው ሥራ እንዳለው ፈርሞላት፣ ልጁን እንድታስመጣ። ልጁ አሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ተጀምሯል፤ በየቀበሌው ወጣት ይጠራል፣ ያልመጣውም ከመንገድ ይታፈሳል ይባል ነበር። አሥራ ስምንት ሳይሞላው መውጣት አለበት። እትዬ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ስትበላም እሱ፣ ስትተኛም እሱ። የልጁ አልጋ የት እንደሚሆን ሳይቀር ወስና፣ የኔን ክፍል በመጋረጃ ልትከፍለው ነበር። «አንቺ እንኳ ስታኮርፊ አይሰማውም፤ ልጅ እንቅልፋም ነው» አለችኝ።

አንድ ቀን የጭነት ኩባንያው ቆርቆሮዎቹን አልጭንም አለ። ሕጉ ተለውጧል፤ እሳት ሲነካው ይነዳል ወይስ አይነድም የሚል የላቦራቶሪ ማረጋገጫ ካልመጣ አልነካም አለ። ፓድሮኔው ሳቀ አሉ። ዕድሜውን ሙሉ በርሜሉ አጠገብ ሲጋራ ሲያጨስ የኖረ ሰው ነው። እትዬ ደግሞ አጽናናችው፦ «አይዞህ፣ እኛ ሰው አለን።»

ሰው አለን። በኛ ሀገር ቢሮ የሚገባው በማመልከቻ ሳይሆን በሰው አይደል? መብራት ኃይል ሰው ያለው መብራት ይገባለታል፤ ማዘጋጃ ቤት ሰው ያለው መሬቱን ይለካለታል። እትዬ ልጅ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ላቦራቶሪ አስገብታለች። ስለዚህ ሰው አላት። ሮማ ውስጥ ስንት ትልልቅ ላቦራቶሪ እያለ ፓድሮኔውን ወደኛ እንዲልክ ያደረገችው እሷ ናት። ናሙናውንም በሻርፕ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በአውቶቡስ ይዛው መጣች። «ከሰው ጋር ተጋፍተሽ ነው ይህን ያመጣሽው?» ብዬ ጮህኩባት። «ምነው፣ ሕፃን አይደል፣ አያለቅስ» አለችኝ። በሩ ላይ ስትሰናበተኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ፣ «በርቺ እንግዲህ» አለች። ከዚያ በላይ ማለት አላስፈለጋትም።

አለቃዬ ዶቶሬው ብቻውን የሚኖር፣ ነጭ ጋዋኑን ራሱ የሚተኩስ ሰው ነበር። ሄጄ ነገርኩት። ይህን ናሙና እኔ ብሠራው ደስ አይለኝም፣ ያመጣችው እህቴ ናት አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝና፣ «አሎራ፣ እንግዲህ ሌላ ሰው የለኝም። አንቺ ሥሪው፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ። ዱቄቱ እንደሆነ የማንም ዘመድ አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። እንዴት እንዳናደደኝ ግን።

ምርመራው ቀላል ነው፤ እዚህ ላይ ቀልደኞቹ አልተሳሳቱም። ከስንዝር ትንሽ የሚረዝም ቅርጽ ማውጫ አለ፤ ዱቄቱን ትሞላዋለህ፣ ጠረጴዛው ላይ ጠብ ጠብ አድርገህ ታስተኛዋለህ፣ ከዚያ እሳት በማይበላው ሰሌዳ ላይ ትገለብጠዋለህ። ማውጫውን ስታነሳው በሁለት ትልም መካከል ያለ ጉብታ የመሰለ ቀጭን መስመር ይቀራል። ነፋስ እንዳይነካው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። አንዱን ጫፍ በጋዝ ነበልባል ትለኩሳለህ፤ ሰዓት ትይዛለህ፤ ትጠብቃለህ። ለብረታ ብረት ዱቄት ሕጉ አሥር ደቂቃ ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ፣ ዱቄቱ ተቀጣጣይ ነው። ካልደረሰ አይደለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ለኮስኩት። መጀመሪያ ቅባቱ ጨሰ። ጢስ ብቻ። ልቤ ደስ አለው። ከዚያ ጫፉ ላይ ቀይ ነገር ታየ፤ ፍም አይደለም፣ ነበልባልም አይደለም፣ ብቻ የሚሳብ ነገር። በጣም ቀስ ይል ነበር። ሰዓቱን አያለሁ፣ እሱን አያለሁ። ግማሽ ሳይደርስ የቆመ መሰለኝ። ሃይማኖቴን አጥብቄ የያዝኩ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን በሆዴ «ጥፊ፣ ጥፊ፣ አንቺ የእመቤቴ ጠላት» እያልኩ ነበር። ዶቶሬው አጠገቤ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። እሳቷ አልጠፋችም። ነጭ ሆና፣ ዓይን የማታስቆም ሆና፣ እየተሳበች ሄደች፤ አሥር ደቂቃው ሳይሞላ ከዚያኛው ጫፍ ደረሰች። ዶቶሬው «ደግመሽ ሥሪ» አለና ሄደ። ሕጉም መድገም ነው። ደገምኩ። ደገምኩ። ሁልጊዜ ደረሰች።

ማታ ቤት ስገባ እትዬ ምስር እየለቀመች ነበር። ሳልቀመጥ ነገርኳት፤ ነገር ማዞር አልችልበትም።

«እትዬ፣ ይነዳል።»

«ማለት?»

«ማለት ተቀጣጣይ ነው። ሰው ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር መቀመጥ የለበትም። እናንተም በላያችሁ ለብሳችሁት መዋል የለባችሁም።»

ምስሩን ትታ አየችኝ። «ተፈርሞ አልቋል?»

«ዶቶሬው ገና አልፈረመም።»

«እንግዲያው ገና አላለቀም» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች። እኔም ሞኝ ነኝ፣ ነገሩን የተቀበለችው መስሎኝ ተኛሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ «እግሬን ላፍታታ» ብላ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ ከአንድ ባለሥልጣን ጋር ምግብ አብሳይ ሆነው መጥተው ሮማ የቀሩ። ሌላው በዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ክራቫት ያሰረ፣ የተማረ ሰው ነው። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥተው አባባ ያለከልካሉ። ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጡም።

«የመጣንበትን ሳትሰሚን አንቀመጥም» አሉ አባባ።

ደነገጥኩ። ያኔ እኮ ልጃገረድ ነኝ፤ የሆነ ሰው ለጋብቻ የላካቸው መሰለኝ። ማን ይሆን ብዬ በሆዴ ሳማርጥ አባባ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና፣ «ስለዚያ ዱቄት ነው» አሉ።

በዕድሜዬ ለብዙ ነገር ሽማግሌ ሲላክ አይቻለሁ። ለጋብቻ፣ ለዕርቅ፣ ለደም ሳይቀር። ለአሉሚኒየም ሲላክ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ሳቄ መጣ፤ አባባን ሳይ ግን ተመለሰ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ደንቡ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ሕጉን አትጣሺ አንልሽም» አሉ። «ግን ሁሉም ነገር አንድ ጊዜ ይቅር ይባላል። አራት ሴቶች ናቸው። አንዷማ እናትሽ ናት ማለት ነው። ልጇን ልታወጣ ነው። ሽበቴን አይተሽ ነገሩን አብርጂልን።»

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም የጋልኩት፣ ዱቄቱ ነው።»

«ገባኝ። ይነዳል። ፈጥኖ ነው ወይስ ቀስ ብሎ?»

«ቀስ ብሎ።»

«እንግዲያው ቀስ ብሎ ከሚነድ ነገር ሰው ያመልጣል። ባይሆንስ ውሃ ይደፋበታል።»

«ይህ በውሃ አይጠፋም፤ ውሃ ያባብሰዋል።»

አማተቡ። የተማረው ሰው በጣሊያንኛ ስለ እርጥበት አንድ ነገር አነሳ፤ ዝናብ ቀን ላይ ብትሠሪውስ፣ እርጥብ ቢሆንስ አለኝ። ገላመጥኩት፣ እሱም ክራቫቱን አስተካከለ። አባባ ግን ቆመዋል። ግድግዳውን ይደገፉ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተደገፉም። ልመናቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔም ማስረዳቴን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ቆመው የሚለምኑ ሽማግሌን እምቢ ማለት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ላላየው ሰው መንገር አልችልም፤ አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው። በመጨረሻ እጃቸው ግድግዳውን ሲፈልግ አየሁና አንድ ቃል ከአፌ ወጣ።

«እሺ አባባ፣ እደግመዋለሁ።»

ፊታቸው በራ። «ተባረኪ» አሉና ተቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ እሺ ተብሏል ማለት ነው። እኔ ያልኩት «እደግመዋለሁ» ነው። እሳቸው የሰሙት ምን እንደሆነ አውቄአለሁ። «ይነሡ፣ እንደሱ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ምርቃታቸውን አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ሰኞ ደገምኩት። ደረቅ ቀን ነበር። ከበፊቱም ፈጠነ። ዶቶሬው ፈረመ።

ለእትዬ የነገርኳት እንደገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው። «ነደደ?» አለች። «ነደደ።» «እህ» አለች። ሄዳ እጇን ስትታጠብ ቆየች፤ ውሃው ሲወርድ፣ ጥፍሯን በብሩሽ ስትፈትግ ይሰማኛል። ስትመለስ እራት አቀረበች፤ ለሁለታችንም እኩል አድርጋ። ብትጮህብኝ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፣ ተጯጩኸን ይወጣልን ነበር። አልጮኸችም። አባባም ከዚያ በኋላ ሲያገኙኝ እንደወትሮው ጉንጬን ይስሙኝ ነበር። «የዋሸሁዎት እኔ ነኝ» ልላቸው ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ።

ፖምፒዬሪዎቹ፣ የእሳት አደጋ ሰዎቹ፣ መጥተው ቦቴጋውን አዩ። በአንድ ወር ውስጥ ይነሣ አሉ። ፓድሮኔው ሌላ ቦታ ለመክፈት ዕድሜውም አቅሙም አልፈቀደለትም፤ ዘግቶ ጡረታ ወጣ። ሕጋዊ ኮንትራቶውም፣ ለልጁ የሚፈረመውም ወረቀት አብሮ ተዘጋ። አራቱም ሴቶች ተበተኑ። እትዬ ወደ ፊሳ ተመለሰች፤ ፓሪዮሊ በሚባለው የሀብታም ሰፈር ውስጥ አንዲት በሽተኛ አሮጊት ቤት። ሁለቱን ክፍሎች ለቀቀች። ልጁን ለማስመጣት ደግሞ የራስ ቤት ያስፈልጋል ተባለች። የሰው ቤት የሚያድር ሰው የራሱ ቤት ከየት ይመጣል?

እኔ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣች እንገናኝ ነበር፤ ፍቅራችን አልጎደለም ብል ውሸት አይደለም። ግን ቃላችንን መምረጥ ጀመርን። ስለ ሥራዬ መጠየቅ ተወች። ከጥፍሯ ሥር ያ ብርማ ነገር ለብዙ ጊዜ አልለቀቀም፤ ሳየው ዓይኔን አነሳለሁ። ልጁ አሥራ ስምንት ሞላው። ተጠራ። ለሥልጠና ተወሰደ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ተላከ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ «ደህና ነኝ» የሚል ወሬ በሰው በሰው ይደርሳት ነበር።

አንዳንዴ ለራሴ እከራከራለሁ። ኮንትራቶው ቢገኝስ መውጫ ቪዛ ማን ይሰጠው ነበር? በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ደርግ ይለቅ ነበር እንዴ? ሰዎችም ሊያጽናኑኝ እንዲሁ ይሉኛል። ደግሞስ አንድ ቀን ፓድሮኔው ሲጋራውን ቢጥል፣ አራቱ ሴቶች ከላያቸው ካለው ሕንፃ ጋር ቢነዱ ምን ልል ነበር? ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። ያ ምድር ቤት ኋላ የጫማ መሸጫ ሆነ። ፎቁ ላይ ሕፃናት አሉ፤ በረንዳ ላይ ልብስ ተሰጥቶ አያለሁ። ማንም አልነደደም። ያልነደደ ሰው ደግሞ ማመስገን አያውቅም፤ እኔም ምስጋና አልፈልግም። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።

አንድ ሰኞ አባባ በስልክ ጠሩኝ። ከአዲስ አበባ ተደውሎላቸዋል። ከልጁ ጋር የነበረ ወታደር ቆስሎ ተመልሶ ለአያቲቱ ነግሯታል። ልጁ የለም።

መርዶ በኛ ደንብ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ። ግን እትዬ ቤት የላትም። ፓሪዮሊ፣ የሲኞራዋ በር ላይ፣ በጠዋት አሥራ አምስት ሰው ሆነን ልንሄድ ነው? የት ትወድቃለች? አብሯት ማን ያለቅሳል? አባባ መክረው ወሰኑ። ሐሙስ ከሰዓት ይሁን፣ ከሥራ ስትወጣ፣ ከቦቴጋው ሴቶች አንዷ ቤት፣ ጸበል ጻዲቅ አለ ተብላ ትጠራ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው ተባባልን።

ረቡዕ እሷ ራሷ ላቦራቶሪ ደወለችልኝ። ሲኞራዋ ተኝታ ነው መሰል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ግን ደስ ብሏታል፣ ይታወቃል።

«ስሚ፣ አንድ ሰው እሑድ አዲስ አበባ ይሄዳል» አለችኝ። «ለልጁ የሚሆን ነገር ይወስድልኛል። ጃኬት አይቻለሁ፣ ወፍራም። ግን እዚያ ያሉበት በረሃ ነው ይላሉ፤ አንቺ ተምረሻል፣ ይበርዳል ወይስ ይሞቃል? ጃኬት ልግዛ ወይስ ሸሚዝ?»

ዶቶሬው ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይጽፋል። እጄ ስልኩን እንደያዘ ነው። እምብዛም አላሰብኩም።

«ጃኬት ይሻላል» አልኳት። «ቀን ቢሞቅም ማታ ማታ ይበርዳል።»

«አየሽ፣ እኔም እንደሱ ብዬ ነበር» አለች። «ጨለማ ያለ ቀለም ነው፣ ቶሎ አይቆሽሽም።» ዘጋችው።

ሐሙስ መጣች። በእጇ ትልቅ የሱቅ ከረጢት ይዛለች። ሁላችንም በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠን ስታይ፣ ገበታ እንደሌለ ስታይ፣ ነጠላችን ተገልብጦ ስታይ፣ በሩ ላይ ቆመች። አባባ ተነሥተው ነገሯት። የዚያን ቤት ጩኸት አልጽፈውም። ጎረቤቶቹ ጣሊያኖች በር ሲያንኳኩ፣ አንዷ ወጥታ በጣሊያንኛ «ልጅ ሞቶባት ነው» ስትላቸው፣ ደረጃው ላይ ቆመው አብረው ሲያለቅሱ አስታውሳለሁ።

ሲመሻሽ ድምፅዋ ዘጋ። ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋለች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ እጄን ያዘችው። ከዚያ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«ትናንት ስደውልልሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እትዬ።»

«ጃኬት ይሻላል ስትዪኝ?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቁጣ የለባትም፤ የምታስብ ሰው ናት የምትመስለው፣ ሒሳብ አልገጥም ያላት።

«መዋሸት ትችያለሽ ማለት ነው» አለች። «ታዲያ ያኔ ምን አለበት ነበር?»

ብዙ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ሕፃናቱ፣ ስለ ሕጉ፤ አንዱም እዚያ ምንጣፍ ላይ የሚነገር አልነበረም። እጄን አለቀቀችውም። ሌሎች ለቀስተኞች ገቡ፣ እኔም ትንሽ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።